ነጠላዋን ያስፈታችልን ፋርማሲስት

ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ ያላችሁ ወገኖች፣ አንድ ጥቆማ አለኝ። ምስጋናም ነው። እናቴ ስለዳነች ደስ ብሎኝ ነው የምጽፈው።

እናቴ የምትኖረው ጫጫ ነው። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሲያሰቃያት ከረመ። ሽንት ቶሎ ቶሎ ይላታል፣ ሲመጣ ደግሞ ያቃጥላታል። ሌሊቱን ባናዋን ደርባ ስትወጣ ስትገባ ታድራለች። የጫጫን ሌሊት የሚያውቅ ያውቀዋል። ጎረቤቱ ሁሉ «ብርድ ነው የመታሽ» ይላታል። እኛ ሀገር ብርድ ያልተባለ በሽታ የለም መቼም።

መጀመሪያ የሄድንባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም። ሽንቷ ተመረመረ፣ ሲፕሮ የሚባል አንቲባዮቲክ ታዘዘላት። መድኃኒቱን የሰጠን ልጅ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ነበር። «ጨጓራ አለብኝ ልጄ፣ አያቃጥለኝም?» ብትለው ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት «በወተት ይውሰዱት» አላት። በቃ፣ ይኸው ነው ምክሩ። ኪኒኑ አለቀ፣ ማቃጠሉ ግን አላለቀም። ተመልሰን ስንሄድ «በትክክል ስላልወሰዱት ነው» ተብላ ተቆጡባት። የሰው እናት ላይ እንዲህ ይጮሃል? በታዘዘችው ሰዓት፣ በተነገራት መንገድ ነው እኮ የወሰደችው! ሌላ ቦታ ደግሞ አንዷ ያለ ማዘዣ ሌላ አንቲባዮቲክ አውጥታ «ይሄኛው ጠንከር ያለ ነው» ብላ ልትሸጥልን ነበር። ትተናት ወጣን።

በመጨረሻ አንድ ሐኪም ሽንቷ ካልቸር እንዲሠራ አዘዘ፣ ባክቴሪያውን አሳድገው የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው የሚያዩበት ምርመራ ነው። መልሱ እስኪመጣ ቀናት ፈጀ። ሲመጣ አየና መልሶ ያንኑ ሲፕሮ ጻፈልን። ባክቴሪያው በዚህ መድኃኒት ይጠፋል አለን። እኔ በሆዴ «ታዲያ እስካሁን ምነው አልጠፋ?» እያልኩ ማዘዣውን ይዤ ወጣሁ።

እዚህ ላይ ነው ይህቺ የተባረከች ፋርማሲስት የመጣችው።

ማዘዣውን ተቀብላ አነበበች፣ መድኃኒቱን ግን አላነሳችም። «እማማ፣ ከዚህ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የለም ልጄ።»

«የስኳር? የደም ማነስ?»

«ኧረ የለም።»

«ለጨጓራስ?»

እናቴ ሳቀች። «እሱማ ምኑ መድኃኒት ነው፣ ሲያቃጥለኝ የማኝከው ነው» ብላ የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ከሳንቲሞቿ መሀል ነጫጭ የጨጓራ ኪኒኖች ከነማሸጊያቸው ወጡ። ልጅቷ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥታ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። የፊቱን ሲፕሮ በምን ትውጠው እንደነበር ጠየቀቻት። በወተት።

ለካ ነገሩ ይህ ነበር! ወተቱም የጨጓራው ኪኒንም ሲፕሮውን ሆድ ውስጥ ይዘው ያስቀሩታል አለችን። እንዴት እንደሆነ ዘርዝራ አስረድታኛለች። እኔ የገባኝ ግን መድኃኒቱ በበቂ ሁኔታ ወደ ደም ሳይገባ መቅረቱ ብቻ ነው። እግረ መንገዴን ልበል፣ ዐቢይ ጾም ላይ ብትታመም ኖሮ ወተቱን እንኳ ትገላገለው ነበር።

ያዘዘላትም ሐኪም ዘንድ ደውላ የጨጓራውን ነገር ነገረችው። ከዚያ እናቴ ማንበብ ስለማትችል የመድኃኒቱ ፓኮ ላይ በእስክሪብቶ ፀሐይና ጨረቃ ሳለችላት። ፀሐይዋ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ጨረቃዋ ማታ 1 ሰዓት። ሁለቱንም በውሃ ብቻ። ወተት ካማራት ለምሳ ሰዓት ታቆየው። የጨጓራውን ኪኒን ካላስቻላት ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ብቻ፤ ሲፕሮው ከእሱ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ መወሰድ አለበት አለች። ውሃ በደንብ ትጠጣ፣ ማቃጠሉ ቢተዋትም የታዘዘላትን እስከ መጨረሻው ትጨርስ።

ሳትደብቅ የነገረችን የሚያስፈራም ነገር አለ። ይህ መድኃኒት በተለይ ከ60 ዓመት በላይ በሆነ ሰው ላይ ጅማት ሊጎዳ ይችላል። ቁርጭምጭሚቷን ከኋላ በኩል ካመማት ወይም ካበጠባት አቁማ ወዲያው ለሐኪም ትንገር። ሰውነቷ ሽፍ ካለ፣ ፊቷ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠራት፣ ወይም ደግሞ ትኩሳትና የጎን ውጋት ከመጣ፣ ጊዜ ሳትሰጥ ሆስፒታል። ከዚያ በፊት ይህን የነገረን አንድ ሰው የለም። አንድም!

መሀል ላይ ራሷ ደውላ «እማማ እንዴት አደሩ?» አለቻት። እናቴ ማቃጠሉ ስለተዋት የቀረውን ለክፉ ቀን ልታስቀምጥ ቋጥራው ነበር። ጎረቤታችንም «ለእኔም ያቃጥለኛል፣ ሁለት ፍሬ ስጪኝ» ብላ ለምናታለች። ፋርማሲስቷ ሳትቆጣ፣ በልመና አስጨረሰቻት። ጎረቤታችንንም ተመርምራ የራሷን እንድታሳዝዝ በስልኩ መከረቻት። ይህን ሁሉ ስታደርግ አምስት ሳንቲም አልጠየቀችም።

እናቴ ድናለች። ሌሊቱን ሙሉ ትተኛለች። ስልክ በደወልኩ ቁጥር «ያቺ ልጅ ደህና ናት? ውለጂ ክበጂ በልልኝ፣ እንጀራሽ ይስፋ በልልኝ» ነው ወሬዋ። እኔን ደህና ነህ ወይ ማለቱን ትታዋለች!

ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች፣ አክብሬላታለሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ናት፣ ፋርማሲውን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እነግራለሁ። እባካችሁ ወላጆቻችሁን እሷ ጋ ውሰዱ። ማዘዣ ሳትይዙ ግን እንዳትሄዱ፣ አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ አትሰጥም፣ ለምናችሁም አይሆንላችሁም። ቤት ያለውን ኪኒን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፣ የጨጓራውንም ጭምር። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ወረፋ አለ፣ በሌላ ቀን ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል።