ብቻዬን ሐረር ደርሼ መጣሁ፦ ስለ መኪናው፣ ስለ ሆቴሉ እና ስለ ጁገሉ ቤት

ከፍራንክፈርት ማታ የሚነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ጠዋት ቦሌ ያደርሳል። ትኬቱን የመረጥኩት ለዚሁ ነው። ብቻዬን ስጓዝ የመጀመሪያ ሕጌ በጨለማ አለመድረስ ነው። የቀረውን ሕግ ሁሉ ያወጣችው አክስቴ ናት።

"ሐረር? ብቻሽን? ሰው ጠፍቶ ነው?"

ሰው አልጠፋም። የአጎቴ ልጆች ሥራ አላቸው፣ እኔ ደግሞ ያለኝ 3 ሳምንት ነው። ጀርመን 17 ዓመት ስኖር ብቻዬን ብዙ ከተማ ዞሬያለሁ። አገሬ ስገባ ግን አጃቢ ይፈለግልኛል። እንግዲህ እዚህ የምጽፈው ያለ አጃቢ ስለተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች ነው። ምንጣፋቸው ያምራል ወይ አላልኩም። ብቻዋን ያለች ሴት ሳትሳቀቅ ትጠቀምባቸዋለች ወይ ነው ጥያቄዬ።

ቦሌ ላይ ተቀባይ ሕንፃው ውስጥ አይገባም፤ ውጭ መኪና ማቆሚያው ጋ ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ ሲም ካርዴን ሳልወጣ አወጣሁ። ቴሌብርም ከፈትኩ። ከተጠቀምኩበት ነገር ሁሉ በዝምታ የጠበቀኝ እሱ ይመስለኛል። ሾፌር ፊት ቦርሳ ከፍቶ ዩሮና ብር ማመሳቀል ቀረ። ብር መያዝ ግድ ሲሆን ደግሞ ዝርዝሩን በአንድ ኪስ፣ ባለ 200ዎቹን በሌላ።

አዲስ አበባ በአፕ የሚጠራውን መኪና ሁሉ ሰው "ራይድ" ነው የሚለው፣ የየትኛውም ድርጅት ይሁን። ኢንተርኔት ከጠፋም በስልክ ይጠራል፤ የራይዱን 8294 በቃሌ ይዤዋለሁ። በ3 ሳምንት ከ20 ጊዜ በላይ ጠርቻለሁ፣ አብዛኛው መልካም ነበር። ታርጋውና የሾፌሩ ስም ስለሚታይ ስክሪኑን ፎቶ አንስቼ ለአክስቴ በቴሌግራም እልካለሁ። ታርጋውን ሳላነጻጽር በሩን አልከፍትም። አንዱ ሾፌር ይኼን አይቶ ሳቀና "አንቺ ደህና ትራፊክ ይወጣሽ ነበር" አለኝ። ስልኬን በተከፈተ መስኮት አጠገብ እንዳልይዝ የመከረኝም እሱ ነው። መብራት ላይ መንትፈው ይሮጣሉ።

አንድ ማታ ግን ከገርጂ ስመለስ ሾፌሩ ገና ሳንነሳ ጥያቄ አመጣ።

"እህቴ፣ አፑን ላጥፋውና በስምምነት እንሂድ። ላንቺም ይቀንስልሻል።"

ነገሩ ይገባኛል። ኮሚሽን አለ፣ የነዳጅ ሰልፍ አለ። ግን አፑ ከጠፋ ማን ጋ እንዳለሁ የሚያውቅ የለም። "ወንድሜ፣ አፑ ይብራ፣ ከሒሳቡ በላይ ልጨምርልህ" አልኩት። አጉረመረመ፣ ግን አበራው። በማግስቱ ለድርጅቱ ደወልኩ። "ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን" ተባልኩ፤ በቃ። የድርጅቱን ስም አልጽፍም፣ ሾፌሮቹ ሦስት አራት አፕ ከፍተው ነው የሚሠሩትና።

አዲስ አበባ ያደርኩበት ሆቴል ኮከቦቹን በር ላይ ለጥፏል። መግቢያው ላይ ፍተሻ አለ፣ ካሜራ አለ። ግን እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ ሦስት ወንዶች ሶፋ ላይ ተቀምጠው ድምጿን ከፍ አድርጋ "412 ነዎት አይደል? ብቻዎን ነዎት?" አለችኝ። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ "ባለቤቴ ማታ ይገባል" አልኩ። ባለቤት የለኝም። እንዲህ ያለ ውሸት ኃጢአት አይመስለኝም። ክፍሉ ስገባ የበሩ መቀርቀሪያ ብሎኑ ወልቋል። ይሠራልኝ ብዬ ሁለት ጊዜ ጠየቅኩ፣ ሁለት ጊዜ "አሁን ይመጣሉ" ተባልኩ። ክፍል ቀይሩልኝ ስል ነው የተቀየረልኝ። ደግነቱ በር ሥር የምትሰካ ትንሽ ጎማ ይዤ ነው የምጓዘው።

ሆቴሉን ያዳነው ዘበኛው ነው። ስህተቱ የእኔ ነበር። የድሬዳዋ በረራዬ ማለዳ ስለሆነ "አምስት ሰዓት ላይ መኪና ይጥሩልኝ" ብዬ ተኝቻለሁ። በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው። ወርጄ ብጠብቅ መኪና የለ፣ ሰው የለ። ሽማግሌው ዘበኛ ካፖርታቸውን ደርበው መጡ።

"ስንት ሰዓት ብለሽ ነው ልጄ?"

"አምስት ሰዓት፣ አባባ።"

"አምስት ሰዓትማ ረፋድ ነው! አሁን ገና ከሌሊቱ አሥራ አንድ ነው።"

በአፕ መኪና ጠራሁ። መኪናው እስኪመጣ በር ላይ አብረውኝ ቆሙ። ሲመጣ ሾፌሩን ስሙን ጠየቁት፣ ታርጋውን በመዝገባቸው ላይ ጻፉት። ማንም ጻፉ አላላቸውም። ለዚያ ሆቴል አንድም ኮከብ ከሰጠሁ ለእሳቸው ነው።

ድሬዳዋ አንድ ሰዓት ያህል በረራ ነው። ስትወርጂ ሙቀቱ ይቀበልሻል፣ ቀጥሎ "አንቺ" ይቀበልሻል። እዚያ አገር አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም፤ ለእኔ ተመቸኝ። ወደ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ከፍ ይላል። ሚኒባስ የሚነሳው ሲሞላ ስለሆነ ባዶው ውስጥ ብቻዬን አልገባሁም። ሊሞላ ሦስት ሰው ሲቀረው ገብቼ ከአንዲት ባለ ዘንቢል እናት አጠገብ ተቀመጥኩ። ረዳቱ ሒሳቡን እንደሌላው ሰው ነው የተቀበለኝ።

ሰው አላስፈራኝም፣ መንገዱ አስፈራኝ። ደንገጎ ዳገቱ ጥምዝምዝ ነው። ሾፌሩ በአንድ እጁ ስልክ በሌላው መሪ ይዞ ይቀድማል። ከሐረማያ አልፎ አወዳይ ስንደርስ ደግሞ ጫት የጫኑት አይሱዙዎች፣ ሰው "አልቃይዳ" የሚላቸው፣ እየበረሩ ይመጣሉ። ቀበቶ ፈለግኩ፤ የለም። "ቀስ በል" ስል ረዳቱ "አቦ ዘና በይ!" አለኝ። ባለ ዘንቢሏ እናት ተቆጥተው ሲናገሩ ነው የቀነሰው። ስመለስ መኪና ኮንትራት ያዝኩ። ዋጋው ብዙ እጥፍ ነው፣ አልቆጨኝም።

ሐረር ያደርኩት ጁገል፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ እንግዳ በሚቀበል የሐረሪ ቤት ነው። ጁገል በ2006 የዓለም ቅርስ ሆኖ በዩኔስኮ ተመዝግቧል። መንገዶቹ ግን መመዝገብ የሚችሉ አይመስሉም፤ ማኪና ግርግር ከሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ተነስቼ ሁለቴ ጠፍቻለሁ። ቤቱ ውስጥ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ መደቦች አሉ፣ ነደባ ይባላሉ። የቤቱ እመቤት አንዱ ላይ ተቀምጣ በሩን ታያለች። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ታውቃለች። ካሜራ የለም፣ ፍተሻ የለም።

ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ "ማን ነው ያለሽ?" አለችኝ። አክስት አለችኝ አልኩ። "ስልኳን አምጪ" ብላ ወዲያው ደወለችላት። ሁለቱ 40 ደቂቃ አወሩ። እኔ ቡና እየጠጣሁ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ስወጣ "ወዴት ነሽ?" ሳልባል አልወጣሁም። ፍራንክፈርት ብሆን ቤት እቀይር ነበር።

ጅብ ሲመገብ ለማየት ማታ ከቅጥሩ ውጭ መውጣት አለ። "ብቻሽን አይሆንም" አለችና መታወቂያ ያለው አስጎብኚ ጠራችልኝ። ዋጋውን ራሷ እፊቴ ተደራደረች። አስጎብኚው ደህና ነበር፣ ግን "አንድ ሱቅ ልውሰድሽ" ያበዛል። ስንመለስ አንድ ጠባብ መንገድ ላይ ጅብ ከፊታችን ሲሄድ አየሁ። እኔ ደረቅኩ። "ቅጥሩ ላይ መግቢያ አላቸው፣ ወራባ ኑዱል ይባላል" አለኝ። የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው። ሌባ ፈርቼ ከፍራንክፈርት ጎማ ተሸክሜ መጥቼ ለጅብ በር ያለው ከተማ ውስጥ አደርኩ።

ቤቱ ስደርስ ከምሽቱ 3 ሰዓት አልፏል። እመቤቲቱ አልተኛችም። የግቢውን በር ራሷ ቆልፋ "አክስትሽ ሁለቴ ደውላለች፣ ገባች ብያታለሁ" አለችኝ። ገና ሳልገባ ነው ያለቻት።

ያ ቤት ጉድለት አለው። ውሃ ይጠፋል፣ መታጠቢያው የጋራ ነው፣ ጎህ ሲቀድ አዛኑ ከየአቅጣጫው ይቀሰቅሳል። እንደገና ብሄድ እዚያው ነው የማርፈው።

ባለፈው እሁድ ለአክስቴ ብደውል ስልኳ ተይዟል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ራሷ ደወለች። ከሐረር ጋር ስታወራ ነበር።