የባሕር ዳርን የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ በበረራ ሲሙሌተር (በኮምፒውተር የበረራ ማስመሰያ) መሥራት፦ የሳተላይት ፎቶ ወይስ የእጅ ሥራ?

የሳተላይት ፎቶ ፈጣን ነው። ጣናን፣ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበትን፣ ከተማውን ሁሉ በአንዴ ይሰጥሃል። ከላይ ሲያዩት እንከን አይወጣለትም። መሬት ስትወርድ ግን ይደበዝዛል። በበጋ የተነሳ ከሆነ ደግሞ ሣሩ ነሐሴም ላይ ቢጫ ነው።

በብሌንደር፣ ማለትም በ3D መሥሪያ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ በእጅ መሥራት ጊዜ ይበላል። እንደ ባሕር ዳር ባለ ወታደራዊ የአውሮፕላን ሜዳ ላይ ነፍስ የሚዘራው ግን ጥቃቅኑ ነገር ነው፦ በኮንክሪቱ መጋጠሚያ የፈሰሰው ሬንጅ፣ ጎማ የሚያርፍበት ጥቁር ጭረት፣ አውሮፕላን የቆመበት የዘይት ጠብታ፣ በአፈር በተሸፈነ መጠለያ ላይ የበቀለው ሣር። ይህን ፎቶ አይሰጥህም።

እኔ ለሩቁ ዳርቻ ፎቶውን፣ ለማኮብኮቢያውና ለማቆሚያው የእጅ ሥራን እመርጣለሁ። ሜዳው 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ከፍታውን አስተካክለህ አስገባ፤ አለዚያ ማኮብኮቢያው ጉብታ ላይ ይቀመጥብሃል።