ሳይለካ የማይሸጠው የደብረ ብርሃኑ ሱቅ

ደብረ ብርሃን ላይ ቤት የምትሠሩ ወይም የምታድሱ ካላችሁ ይህን ሱቅ ልጠቁማችሁ። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ያለ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ነው። ሰሌዳ የለውም። በሩ ሰማያዊ ነው። ደጁ ላይ ሁለት ሦስት የፈረስ ጋሪ ጭነት ሲጠብቅ ስለሚውል አታጡትም።

የሄድኩት ለእናቴ ማድ ቤት ልሠራላት ብዬ ነው። ግድግዳው እንደ አገራችን ቤት በድንጋይ ተገንብቶ አልቋል። የቀረው ወለልና ጣሪያ ነበር። ውስጡ 5 ሜትር በ4 ሜትር ነው። «ጋሼ፣ 20 ከረጢት ሲሚንቶ ይስጡኝ» አልኳቸው። ባለሱቁ ንቅንቅ አላሉም። «ለምን ሥራ ነው ልጄ?» አሉኝ።

ሃያን ከየት አመጣሁት? ከሁለት ዓመት በፊት ይህንኑ የሚያክል የመኝታ ክፍል ወለል ስናስደርግ ሌላ ቦታ የሸጡልን 20 ነበር። ማንም አልለካም። ግንበኛው «ሃያ ይበቃል» አለ፣ ሻጩም ጫነልን። 7 ከረጢት ተረፈ። ክረምት ገባ፤ የደብረ ብርሃንን ክረምት ታውቁታላችሁ። መስከረም ላይ ስንከፍተው ሲሚንቶው ከነከረጢቱ ድንጋይ ሆኗል። እናቴ አንዱን ደጅ ላይ መቀመጫ አድርጋዋለች። ባየሁት ቁጥር ገንዘቡ ይቆጨኛል።

ባለሱቁ ከባዶ ከረጢት ላይ ወረቀት ቀደዱና እርሳስ አወጡ። «ውፍረቱስ?» «10 ሳንቲ።» «እሱን መጀመሪያ ወደ ሜትር እንመልሰው» አሉና 0.10 ብለው ጻፉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ወርዱንና ርዝመቱን በሜትር፣ ውፍረቱን በሳንቲ አድርጎ ያባዛል። 5 በ4 በ0.10፣ 2 ሜትር ኩብ አርማታ።

እኔን የገረመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። 2 ሜትር ኩብ አርማታ ለማውጣት 2 ሜትር ኩብ ደረቅ ዕቃ አይበቃም። «አንድ ጣሳ ባቄላና አንድ ጣሳ ጤፍ ብትቀላቅዪ ሁለት ጣሳ ይሞላልሻል?» አሉኝ። አይሞላም። ጤፉ በባቄላው መሀል ይገባል። አሸዋውም በጠጠሩ መሀል፣ ሲሚንቶውም በአሸዋው መሀል እንደዚያው ነው። ስለዚህ በ1.54 ይባዛል፤ ደረቁ 3.08 ሜትር ኩብ ይመጣል። ቅልቅሉ አንድ ሲሚንቶ ለሁለት አሸዋ ለአራት ጠጠር ስለሆነ በድምሩ ለ7 ይካፈላል። የሲሚንቶው ድርሻ 0.44 ሜትር ኩብ ሆነ። አንድ ሜትር ኩብ ሲሚንቶ 1,440 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሲባዛ 634 ኪሎ፣ በባለ 50 ኪሎ ከረጢት 13። ያኔም የፈጀነው 13 ነበር!

መለኪያ ሳጥንም ያውሳሉ፣ መታወቂያ አስይዘው፣ ያለ ክፍያ። 50 በ40 በ18 ሳንቲ ነው፤ 36 ሊትር ይይዛል። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 35 ሊትር ያህል ስለሆነ ለአንድ ከረጢት ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ አራት ሳጥን ጠጠር ማለት ነው። በአካፋ መቁጠር ቀረልን።

አሸዋ አይሸጡም። ግን እንዴት እንደምቀበል ነገሩኝ። ከጎረቤት ጋር ተካፍለን አንድ ቢያጆ፣ ማለትም አንድ የመኪና ጭነት፣ አስመጣን። ሾፌሩ «5 ሜትር ኩብ ነው» አለ። የጭነቱን ሳጥን በሜትር ለካሁ፤ 4 በ2። ከዚያ ፌሮ ይዤ ወጣሁ። መሀሉ ቁልል ነው፣ ጥጉ ግን ጎድጓዳ። አምስት ቦታ ወጋሁት። 60፣ 55፣ 50፣ 45፣ 40 ሳንቲ። አማካዩ 50 ነው፤ 4 በ2 በ0.50፣ 4 ሜትር ኩብ። ሾፌሩ ወረቀቴን አየ፣ ፌሮውን አየ፣ የአንዱን ሜትር ኩብ ሂሳብ ቀነሰ። አሸዋው ደግሞ እርጥብ ነበር። እርጥብ አሸዋ ይነፋል፤ ሲደርቅ ቁልሉ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ሲቻል ደረቁን ተቀበሉ።

ጣሪያው ላይ ደግሞ እኔው ነበርኩ የተሳሳትኩት። ባንድ ወገን የተጣለ ጣሪያ ነው። ክፍክፉን ጨምሮ ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ቁልቁለቱ በገመድ ሲለካ 5 ሜትር ከ15። ስፋቱን 30.9 ካሬ አገኘሁ። ቆርቆሮው 2 ሜትር በ90 ሳንቲ ስለሆነ ለ1.8 አካፍዬ «18 ቆርቆሮ» አልኩ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቆርቆሮ ይደራረባላ! ወርዱ ሲደራረብ የሚሸፍነው 80 ሳንቲ ነው። 6 ሜትር ለ0.80፣ ሰባት ተኩል፤ ስለዚህ 8። ቁልቁል ደግሞ በየመገናኛው 15 ሳንቲ ይበላል፤ ሁለቱ 3.85 ሜትር ብቻ ስለሚደርሱ 3 ያስፈልጋል። 8 በ3፣ 24። ስድስት ቆርቆሮ ጎድሎ ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ማሰብ ነበር።

የማልወድላቸውም አለ። በገበያ ቀን ከሄዳችሁ ግማሽ ቀን ትቆማላችሁ፤ ለሚስማር ገዢ ሳይቀር ያሰላሉ። ቆርቆሮ ላይ ዋጋቸው ከሌላው ትንሽ ይወደዳል። ባለ 30 ጌጅ ስላልነበራቸው አንድ ሳምንት ጠበቅኩ። ባለ 32 ውሰጂ አላሉኝም፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው እንደሚሳሳ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። የጋሪውንም ዋጋ የምትነጋገሩት እናንተው ናችሁ።

ስትሄዱ ሜትራችሁንና የክፍላችሁን ልክ ይዛችሁ ሂዱ። በሩንና መስኮቱንም ለኩ፤ ይጠይቃሉ።

ወለሉን ያፈሰስነው ኅዳር ላይ ነው። ከ13ኛው ከረጢት ሩብ ያህል ተረፈ፤ ግንበኛው ለደፉ ተጠቀመበት። ማታ ውርጩን ፈርተን ጭድና ሸራ አለበስነው። እናቴ ሌሊት ሁለት ጊዜ ተነሥታ ሸራው እንዳይገለጥ ድንጋይ ጫነችበት።