ለማቅለጫ ባለሙያችን ምስጋና፣ ለፈላጊም ጥቆማ

ኤ356 የተባለውን የአሉሚኒየምና ሲሊኮን ቅይጥ በከፊል ጠጣርነቱ ለምንቀርጽ ሰዎች የምርቱ ዕጣ የሚወሰነው ምድጃው አጠገብ ነው። እዚያ የቆሙልንን የማቅለጫ ባለሙያ ከልብ እናመሰግናለን፤ ተመሳሳይ ሥራ ያለው ሁሉ እንዲያሠራቸውም እንጠቁማለን። «ጎበዝ ናቸው» ብሎ ማለፍ ለማንም ስለማይጠቅም ምክንያታችንን እንዘርዝር።

ብዙ ሰው ቅንጣት ማላም (ቅልጡ ሲረጋ የሚፈጠሩት ቅንጣቶች ደቃቅ እንዲሆኑ ማድረግ) ማለት የቲታኒየም ቦሮን ዘንግ አብዝቶ መጨመር ይመስለዋል። እርሳቸው ግን መዝነው ነው። 5 በመቶ ቲታኒየምና 1 በመቶ ቦሮን ካለበት ዘንግ ለ200 ኪሎ ግራም ቅልጥ 400 ግራም ያስገባሉ፤ ይህ ቲታኒየሙን በ0.01፣ ቦሮኑን በ0.002 በመቶ ከፍ ያደርገዋል። ተራው አይዛነፍም፦ መጀመሪያ ስትሮንሺየም (የሲሊኮኑን ቅርጽ የሚያሻሽል)፣ ከዚያ አርጎን እየነፉ ሃይድሮጅኑን ማስወጣት፣ ማላሚያው በስተመጨረሻ፣ በ720 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ። ዘንጉ የሚገባው ደርቆና ሞቆ ነው፤ እርጥበት ካለው የተባረረው ሃይድሮጅን ተመልሶ ይገባል። ቦሮን ሲበዛ ስትሮንሺየሙን ስለሚበላው ከጨመሩ በኋላ ናሙና ያስለካሉ። ዚርኮኒየም ያለበት ቁርጥራጭ ወደ ምድጃው አይጠጋም፤ ማላሚያውን ያመክነዋል።

ከዘንጉ የሚወጡት የቲታኒየም ቦራይድ ፍሬዎች ከቅልጡ ስለሚከብዱ ቀስ በቀስ ይሰጥማሉ። ስለዚህ መቅጃው ከዘገየ ደግመው ከታች ወደ ላይ ያማስላሉ እንጂ ሌላ ዘንግ አይጨምሩም። ቀላል ይመስላል፤ የሚያደርገው ግን ጥቂት ነው።

ትልቁ ሙያቸው የማፍሰሻው ሙቀት ላይ ነው። ቅይጡ መርጋት የሚጀምረው 615 ዲግሪ ገደማ ላይ ሲሆን እርሳቸው በ625 እና በ630 መካከል ወደ ጽዋው ያፈሳሉ። በ690 ቢፈስ በጽዋው ግድግዳ ላይ የበቀሉት ጥቃቅን ፍሬዎች መልሰው ይቀልጡና የማላሚያው ግማሽ ድካም ከንቱ ይሆናል። ከዚያ 585 ላይ ሲደርስ ከ40 እስከ 45 በመቶ የሚሆነው ጠጣር ነው። 5 ዲግሪ መሳት ይህንን በ4 ወይም በ5 ነጥብ ያዛባዋል፤ ቴርሞኮፕሉን (የሙቀት መለኪያውን) በየጊዜው የሚያመሳክሩት ለዚህ ነው።

ቅንጣቱ ካልላመ ዴንድራይቱ (ዛፍ መሰሉ ክሪስታል) ቅርንጫፉን ዘርግቶ ያድጋል፤ ሲከብ ደግሞ ፈሳሹን በሆዱ ይቆልፋል። የታሰረው ፈሳሽ በሙቀት መለኪያው ሂሳብ ፈሳሽ ነው፣ ለመፍሰስ ግን አይረዳም። ሻጋታው ውስጥ ግፊት ሲያርፍበት ነፃው ፈሳሽ ተጨምቆ ቀድሞ ይሄዳል፣ ጠጣሩ ወደኋላ ይቀራል፤ የዕቃው አንድ ጫፍ በሲሊኮን የበለጸገ፣ ሌላው የደኸየ ይሆናል። የላመው ግን ቶሎ ይከባል፤ ቅርንጫፍ ሳያወጣ ስለሚያድግ ብዙ መቆየት አያስፈልገውም።

ማረጋገጫቸውም በዓይን ግምት አይደለም። ከእያንዳንዱ ቅልጥ በሙቀት መመዝገቢያ ጽዋ ናሙና ወስደው የመርጋቱን ኩርባ ያያሉ፤ ሙቀቱ ወርዶ መልሶ የሚያንሰራራው ከ1 ዲግሪ በላይ ከሆነ አያፈሱም። በተራ ማይክሮስኮፕ ክብ መስሎ የሚታየውን ሁሉ አንድ ቅንጣት ብለው አይቆጥሩም፤ ሁለት ክቦች ከሥር የተያያዙ የአንድ ዴንድራይት ክንዶች ሊሆኑ ይችላሉ። ናሙናውን ባርከር በሚባለው የአሲድ መፍትሔ ውስጥ ኤሌክትሪክ አሳልፈውበት በፖላራይዝድ ብርሃን ሲያዩት፣ አንድ ዓይነት ቀለም የሚያሳዩት የአንድ ዴንድራይት ክንዶች መሆናቸው ይታወቃል። (ሪፖርት ላይ ክቦችን ብቻ ቆጥሮ «40 ማይክሮን» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ይህንን ጠይቁት።)

አድራሻቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀ እንልካለን። ስትደውሉላቸው የምድጃችሁን መጠንና የቅይጡን የኬሚካል ትንተና ይዛችሁ ይሁን፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።