ቭሩም፦ የቴክኒሻን ስምሪት የሚያደላድል ነፃ ሶፍትዌር፣ ከአዲስ አበባ መንገድ ጋር ሲገናኝ

ጄኔሬተር፣ ሊፍትና ዩፒኤስ የሚጠግን ድርጅት ስምሪቱን የሚመራው አብዛኛውን ጊዜ በኤክሴል፣ በቴሌግራም ግሩፕና በስልክ ነው። እስከ አራት ቴክኒሻን ድረስ ይህ አሠራር ምንም አይጎድለውም፤ ከተማውን የሚያውቅ አስተባባሪ ካለ ሶፍትዌር አይበልጠውም። ነገሩ የሚበላሸው ቴክኒሻኑ ስምንት፣ የቀኑ ጥሪ ሠላሳና አርባ ሲሆን ነው። ሊፍት የሚያውቀው ልጅ ጠዋት አያት፣ ቀጥሎ ቃሊቲ፣ ከሰዓት ደግሞ ተመልሶ ሲኤምሲ ይላካል። አያትና ሲኤምሲ በአንድ ጉዞ ማለቅ ይችሉ ነበር።

ቭሩም የሚፈታው ይህን ብቻ ነው። የሥራዎችንና የቴክኒሻኖችን ዝርዝር በጄሰን ፋይል (ኮምፒውተር የሚያነበው የጽሑፍ መረጃ ቅርጽ) ይቀበልና ማን፣ የት፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚሄድና በስንት ሰዓት እንደሚደርስ ይመልሳል። አርባ ሥራ ለስምንት ሰው ለማደላደል አንድ ሰከንድ አይፈጅበትም። ኮዱ ክፍት ነው፤ የፈቃድ ክፍያ የለውም፤ ውጭ ያሉት ትልልቅ ሶፍትዌሮች ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ በየወሩ በዶላር ሲያስከፍሉ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሌላ በኩል የሚነካ ገጽ፣ የስልክ አፕ፣ የደንበኛ ፊርማም ሆነ ደረሰኝ የለውም። ጎግል ሺት ላይ ያለውን መረጃ ወደ ጄሰን የሚቀይርና ውጤቱን ለቴክኒሻኑ በቴሌግራም ቦት የሚልክ አንድ ፕሮግራመር ከሌለ ባይጀመር ይሻላል።

ተከላው ሁለት ክፍል አለው፣ ሁለቱም በዶከር (ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር አሽጎ በሚያስነሳ መሣሪያ) ይነሳሉ። መንገዱን የሚያሰላው ኦኤስአርኤም ሲሆን ካርታውን ከኦፕንስትሪትማፕ፣ ማለትም ማንም ሊጠቀምበት ከሚችለው ነፃ ካርታ ይወስዳል። የኢትዮጵያ ፋይል ጂኦፋብሪክ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል። ሥራው አዲስ አበባ ውስጥ ብቻ ከሆነ ፋይሉን ለከተማዋና ለዙሪያዋ መቁረጥ ሜሞሪ ይቆጥባል፤ ተራ ላፕቶፕም ይበቃል። ኦኤስአርኤም በፖርት 5000፣ ቭሩም በ3000 ይሠራሉ። የሳምንቱን ሥራ በአንድ ጊዜ ለማደላደል የሞከረ ሰው ስህተት ይመለስለታል፤ ኦኤስአርኤም ካልተነገረው በቀር ከ100 ቦታ በላይ በአንድ ሠንጠረዥ አያሰላም። ሲነሳ ማክስ ቴብል ሳይዝ የሚለውን ቁጥር ማሳደግ ይበቃል።

አድራሻ ላይ ሁለት ነገር ያሳስታል። አንደኛው የቁጥሮቹ ቅደም ተከተል ነው። ጎግል ማፕ ላቲትዩድን (የሰሜን-ደቡብ ቁጥሩን) ያስቀድማል፤ ቭሩም ግን ሎንጊትዩድን (የምሥራቅ-ምዕራቡን) ነው የሚያስቀድመው። መስቀል አደባባይን 9.01፣ 38.76 ብሎ የሰጠው ሰው ሥራውን ከሰርዲኒያ ደሴት ግርጌ ባሕር ውስጥ ጥሎታል። ሶፍትዌሩ አይጮህም፤ ነጥቡን ካርታው ላይ ቅርብ ወዳለው መንገድ ይጎትተዋል። በሥራዎቹ መካከል ያለው ጉዞ ሁሉ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ሆኖ ከመጣ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው።

ሁለተኛው የፒኑ፣ ማለትም ካርታ ላይ የሚተከለው ነጥብ ቦታ ነው። ደንበኛው «ከቶታሉ ጀርባ» ብሎ የላከው ሎኬሽን ሕንፃው መሃል ላይ ያርፋል፤ ኦኤስአርኤም ደግሞ ከነጥቡ ቅርብ የሆነውን አስፋልት ይመርጣል። ቀለበት መንገድ ዳር ባለ ሕንፃ ላይ ይህ ዋጋ ያስከፍላል፤ መሃሉ በግንብ የተከፈለ ስለሆነ በተቃራኒው አቅጣጫ የተያዘ ነጥብ ቴክኒሻኑን እስከሚቀጥለው መዞሪያ ይወስደዋል። ፒኑ መኪና የሚገባበት በር ላይ ይያዝ፤ አንዴ ከተስተካከለ በኋላም ከደንበኛው ስም ጋር ይቀመጥ እንጂ በየጥሪው አዲስ አይጠየቅ።

ሰዓቱ ግን ለእኛ የተሠራ ይመስላል። ቭሩም የቀን አቆጣጠርም የሰዓት ክልልም አያውቅም፤ ሁሉም ነገር ሰከንድ ነው፣ ዜሮ የት እንደሚጀምር ደግሞ የተጠቃሚው ምርጫ ነው። ጠዋት 12 ሰዓትን ዜሮ ካደረጉት 2:30 ማለት 9000፣ ከሰዓት 11:30 ደግሞ 41400 ይሆናል። የመድረሻ ሰዓት ሆኖ 19800 ሲመጣ ለ3600 ይካፈላል፣ 5.5 ማለትም 5:30 ይወጣል። 6 ሰዓት መደመርና መቀነስ ቀረ፤ ቴክኒሻኑ የሚላክለት መልእክትም በለመደው አቆጣጠር ይሆናል። ምሳ «ብሬክ» ውስጥ ይገባል፦ መጀመሪያው ከ21600 እስከ 25200፣ ርዝመቱ 3600። ከ6 እስከ 7 ሰዓት ባለው ውስጥ አመቺ ከሆነው ጊዜ ጀምሮ አንድ ሰዓት ያሳርፈዋል።

የእያንዳንዱ ሥራ ጊዜ ለሁለት ይከፈላል፣ «ሴትአፕ» (መዘጋጃው) እና «ሰርቪስ» (ሥራው ራሱ)። አብዛኛው ሰው ሁለቱን ደምሮ ሰርቪስ ላይ ያስቀምጣል። ይህ ትልቅ ብክነት ነው። በር ላይ መታወቂያ ማስያዝ፣ መሣሪያ ማስመዝገብ፣ የቴክኒክ ኃላፊውን መጠበቅ፣ ይህ ሁሉ 15 ደቂቃ ከፈጀ ሴትአፕ ላይ 900 ይጻፋል። አንድ ሕንፃ ላይ ሊፍቱም ጄኔሬተሩም ለአንድ ሰው ከተመደቡና ከተከታተሉ ያ 15 ደቂቃ አንዴ ብቻ ይቆጠራል፣ ስለዚህ ሶፍትዌሩ ራሱ ሥራዎቹን ማጣመር ይቀናዋል። ታዲያ የሁለቱ ሥራዎች ነጥብ አንድ ዓይነት ቁጥር መሆን አለበት፤ በአምስት ሜትር ከተለያየ እንደ ሁለት ቦታ ይታያል።

ሙያ በቁጥር ይሰጣል፦ 1 ጄኔሬተር፣ 2 ሊፍት፣ 3 ዩፒኤስ እንበል። ደረጃ የሚባል ነገር የለም፤ ቴክኒሻኑ ወይ ይችላል ወይ አይችልም። ጀማሪውን ለቀላል ሥራ ብቻ ማዋል ከተፈለገ «ከባድ ሊፍት» የሚባል አራተኛ ቁጥር መፍጠር ግድ ነው። የሊፍት ዘንግ ውስጥ ሁለት ሰው ሲያስፈልግ ሁለቱን በየፊናቸው ልኮ በአንድ ሰዓት ማገናኘት አይችልም፤ ጥንዱን እንደ አንድ ተሽከርካሪ (ቭሩም ቴክኒሻንን የሚመዘግበው በዚህ ስም ነው) መመዝገብ ነው ያለው መላ። የጭነት ልክም አለው፣ በኪሎ መሙላት ያዋጣል። 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት የሆነ የዩፒኤስ ባትሪ 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ አራቱን መቀየር ያለበት ሥራ በሞተር ሳይክል ለሚሄደው ልጅ እንዳይደርሰው ያደርጋል።

ብዙ ሰው የሚያማርረው «ፕራዮሪቲ» ላይ ነው። ከ0 እስከ 100 ይሰጣል፤ አስቸኳይ ነው ተብሎ 100 የተሰጠው ሥራ ግን ከሰዓት 11 ሰዓት ላይ ተመድቦ ይገኛል። ብልሽት አይደለም። ቁጥሩ የሚወስነው ጊዜ ሲጠብ የትኛው ሥራ እንደማይቀር ነው፤ የትኛው እንደሚቀድም አይወስንም። ቶሎ እንዲደረስ ከተፈለገ «ታይም ዊንዶው» (የጊዜ መስኮቱ) ይጥበብ፦ ከ9000 እስከ 14400፣ ማለትም ከ2:30 እስከ 4። ይህም መጀመሪያውን እንጂ ማለቂያውን አያስርም። 10 ሰዓት ላይ የሚዘጋ ቅርንጫፍ ውስጥ የአንድ ሰዓት ሥራ ካለ የመስኮቱ መጨረሻ 9 ሰዓት መሆን አለበት። ሊፍት ውስጥ ሰው ከቀረ ደግሞ ሶፍትዌር አይጠየቅም፤ ቅርብ ላለው ይደወላል።

ሌላው ቅሬታ አንዱ ስድስት ሥራ ይዞ ሌላው ቁጭ ማለቱ ነው። ቭሩም መጀመሪያ በተቻለ መጠን ሥራዎቹን ሁሉ ይመድባል፣ ከዚያ የጉዞ ጊዜን ይቀንሳል። ፍትሐዊነት ስሌቱ ውስጥ የለም። «ማክስ ታስክስ» (የሥራ ብዛት ጣሪያ) የሚለውን ለእያንዳንዱ 5 ማድረግ ያስታግሰዋል። ሳይመደብ የቀረ ሥራ በዝርዝር ይመጣል፣ ምክንያቱ ግን አይነገርም፤ ሙያው፣ መስኮቱ ወይም ጭነቱ መሆኑን አንድ በአንድ እያላሉ መፈለግ ነው። ይህ በእውነት ያሰለቻል።

ድክመቱ ጎልቶ የሚታየው የትራፊክ መጨናነቅ ላይ ነው። ኦኤስአርኤም የሚያሰላው በመንገዱ ዓይነትና በፍጥነት ወሰኑ ነው፤ ጠዋት መገናኛ ላይ ያለውን ሰልፍ አያውቅም። ማስተካከያው «ስፒድ ፋክተር» (የፍጥነት ማባዣ) ነው። የታሰበው 20 ደቂቃ፣ የፈጀው 35 ከሆነ 20 ለ35 ሲካፈል 0.57 ይሰጣል። ከሁለት ሳምንት የጉዞ መዝገብ ላይ ይህን አውጥቶ ማስገባት ግምቱን ወደ እውነት ያቀርበዋል። ችግሩ ለአንድ ተሽከርካሪ በቀን አንድ ቁጥር ብቻ መሰጠቱ ነው። ለምሳ ወደ ቢሮ የሚመለሱ ከሆነ አንዱን ቴክኒሻን የጠዋትና የከሰዓት ሁለት ተሽከርካሪ አድርጎ በየራሱ ፍጥነት መመዝገብ ይቻላል። የኮሪዶር ልማቱ መንገዶችን ስለቀያየረ የካርታው ፋይል ቢያንስ በየወሩ ይታደስ።

ትንበያ ሌላ ጉዳይ ነው። ቭሩም ነገ ስንት ጥሪ እንደሚመጣ አያውቅም፤ ያን የሚሠራው ኤክሴል ነው። የጄኔሬተር ሰርቪስን በወር መመደብ አያዋጣም፤ ዘይትና ፊልትሮ በብዛት በየ250 ሰዓቱ ስለሚቀየር የሚቆጠረው የሠራበት ሰዓት ነው። ቴክኒሻኑ በሄደ ቁጥር ቆጣሪውን ያንብብ። ባለፈው ሰርቪስ 1640 የነበረው ዛሬ 1820 ካለ 70 ሰዓት ቀርቶታል፤ ባለፉት 30 ቀናት 120 ሰዓት ከሠራ በቀን 4 ነው፣ ሰርቪሱ ከ17 ቀን በኋላ ይደርሳል። መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር ያለው ጄኔሬተር በሁለት ወር ይደርሳል፣ ሌላው ዓመት ሊቆይ ይችላል።

ድንገተኛ ጥሪ በሳምንቱ ቀን ይቆጠር እንጂ በወር አይሁን፤ ጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት ቀን ብቻ ስለሆነች የወር አማካይን ታበላሻለች። ፋሲካ ደግሞ ይዘዋወራል፦ በ2016 ሚያዝያ 27፣ በ2017 ሚያዝያ 12፣ በ2018 ሚያዝያ 4 ዋለ። ካለፈው ዓመት ጋር የሚወዳደረው ከበዓሉ በፊትና በኋላ ያለው ሳምንት ነው።

የስምንት ሰኞዎች ድንገተኛ ጥሪ 5፣ 6፣ 6፣ 7፣ 8፣ 9፣ 9፣ 14 ነው እንበል። አማካዩ 8 ነው፤ ለአማካዩ ያቀደ ሰው ከስምንቱ ሦስቱን ሰኞ ይጨናነቃል። ለ14 ያቀደ ደግሞ ሰው ሥራ ፈትቶ ይውልበታል። 9 መያዝ ይሻላል። አንዱ ከነጉዞው 90 ደቂቃ ከፈጀ 13 ሰዓት ተኩል ይመጣል፣ የሁለት ሰው ቀን ሊሞላ ትንሽ የቀረው። ጠዋት ሲደላደል የሁለት ቴክኒሻን መስኮት ጠብቦ የአንዱ 5 ሰዓት ላይ ያበቃል፣ ሌላው ጭራሽ ባዶ ሆኖ ይጀምራል፣ ጥሪ ሲመጣም ስሌቱ እንደገና ይሮጣል።

እንደገና ሲሮጥ መነሻው ቢሮ ሳይሆን ቴክኒሻኑ አሁን ያለበት ቦታ፣ የመስኮቱ መጀመሪያም የያዘውን ሥራ የሚጨርስበት ሰዓት ይሁን። «አቶ እገሌ ይመጣሉ» ተብሎ ለደንበኛ የተነገረው ሥራ እንዳይገላበጥ ለዚያ ቴክኒሻን ብቻ የሚሰጥ የሙያ ቁጥር፣ ለምሳሌ 107፣ በሥራውም በቴክኒሻኑም ላይ ይጻፋል። ያልተነገረው ሥራ ብቻ ይንቀሳቀሳል።