ያገለገለ ዴስክቶፕ ከአንድ ዓመት በኋላ፦ ስታክ ማድረጉን በምን ተገላገልኩ

ኮምፒውተሩን የገዛሁት በጥር 2017፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። እነሆ ጥር 2018 ገባ። ድፍን አንድ ዓመት ሞላው። ይህን ጽሑፍም የምጽፈው በእሱው ላይ ነው። ካለፈው ሐምሌ ወዲህ አንድም ቀን ስታክ አድርጎብኝ አያውቅም። ከመጋቢት እስከ ሰኔ ግን አሳሬን አብልቶኛል። ስለዚህ ጽሑፌ ባብዛኛው ስለ እነዚያ አራት ወራት ነው። ያገለገለ ዴስክቶፕ የሚገዛ ሰው እንደ እኔ ሦስት ጊዜ ለፎርማት እንዳይከፍል እፈልጋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው። ከውጭ አገር ቢሮ ተነስቶ የመጣ ዴስክቶፕ ነው። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5-6500 ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ በ2015 የወጣ፣ ባለ አራት ኮር። ራሙ 8 ጊጋባይት፣ ማለትም ሁለት ባለ 4። ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋባይት። የሠራውን ኩባንያ ስም አልጽፍም፤ እንደምታዩት ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። ዋጋው ከአዲስ ኮምፒውተር ሲሶውን አይሞላም። እኔ መምህር ነኝ፤ ፈተናና ወርክሺት አዘጋጅበታለሁ። ልጄ ደግሞ 12ኛ ክፍል ናት። የማጠቃለያው ፈተና በኮምፒውተርም መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ቤት ውስጥ እጇ ኪቦርድና ማውዝ ይልመድ ብዬ ነው የገዛሁት።

የመጀመሪያው አንድ ወር ተኩል ሰላም ነበር። መጋቢት ላይ ጀመረው። ልጄ የፊዚክስ ቪዲዮ ከፍታ እያየች ድንገት ይደርቃል። «አባዬ፣ ደግሞ ቆመ!» የሚለው ድምፅ የየቀኑ ሆነ። እኔም ፈተና እየጻፍኩ ሳላስቀምጠው ሁለት ገጽ ጠፋብኝ። ማብሪያውን ተጭኖ ከማጥፋት በቀር መላ የለውም።

ባሕር ዳር ካለው ሰፈራችን ከሽምብጥ በባጃጅ ጭኜ ወደ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ኮብሉ ላይ እንዳይንገጫገጭ ጉልበቴ ላይ አቅፌው ነው የሄድኩት። ልጁ ከፈት አድርጎ አየና «መምህር፣ ቫይረስ ነው። ፎርማት ይደረግልዎት?» አለኝ። ተደረገልኝ። ሁለት ሳምንት እንደ አዲስ ሠራ። ከዚያ ተመለሰበት። ሌላ ቤት ሄድኩ፤ እዚያም ፎርማት። በሦስተኛው እንደገና ፎርማት። ሲመለስበት ልሸጠው ወሰንኩ።

ባለቤቴ ናት ያስቆመችኝ። ነርስ ናት። «በሽተኛ ሲመጣ መቼ ጀመረህ፣ ምን ስታደርግ ይብስብሃል ተብሎ ይጠየቃል። እሱን ማን ጠየቀው?» አለችኝ። ልክ ነበረች። ሦስቱም ጋ አንድም ጥያቄ አልተጠየቅኩም፤ ብጠየቅም መልስ አልነበረኝም።

በዚያው ማታ ከልጄ ያለቀ ደብተር የተረፉ ገጾች ላይ አራት መስመር አሰመርን። ቀን፣ ሰዓት፣ ምን ተከፍቶ ነበር፣ እንዴት ቆመ። ሁላችንም እንድንጽፍ ተስማማን። በሦስት ሳምንት 19 ጊዜ ተመዘገበ። ጨርሼ ሳነበው ገረመኝ። አንድ ችግር የመሰለን ሁለት ነበር።

አንደኛው እንዲህ ነው። የማውዙ ቀስት ይንቀሳቀሳል፤ ግን ምንም አይከፈትም። ኬዙ ላይ ያለችው ትንሿ የዲስክ መብራት ሳትቋረጥ በርታ ትቀራለች። አንድ ሁለት ደቂቃ ከታገሡት አንዳንዴ ራሱ ይነቃል። ሁለተኛው ድርቅ ማለት ነው። ቀስቱ ይቆማል። ቪዲዮ ተከፍቶ ከሆነ ድምፁ አንድ ቦታ ላይ ተነክሶ «ትትትትት» ይላል። ይህን ለመለየት አንዲት ቁልፍ ትበቃለች፦ ካፕስ ሎክ። ስትነካ ኪቦርዱ ላይ ያለችው መብራት በርታ ከጠፋች፣ ውስጥ ያለው ሥርዓት ገና አልሞተም፤ አንድ ነገር እየጠበቀ ነው። መብራቷ ንቅንቅ ካላለች ግን ሁሉም ነገር ቆሟል ማለት ነው። ያን ጊዜ ጥርጣሬው ወደ ራም፣ ወደ ፓወር ሰፕላይ፣ ወደ ማዘርቦርድ ወይም ወደ ድራይቨር ይዞራል። እኛ ከ19ኙ 11ዱን በመጀመሪያው፣ 8ቱን በሁለተኛው ዓይነት መዝግበናል።

ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ስታርት ላይ በቀኝ ተጭናችሁ ኢቨንት ቪወር የሚለውን ክፈቱ። ከዚያ ዊንዶውስ ሎግስ፣ ከዚያ ሲስተም። እዚያ ኮምፒውተሩ የገጠመውን ሁሉ ከነሰዓቱ ጽፎ ያስቀምጣል። ቁጥር 41 በብዛት ታገኛላችሁ። እሱ አያስደንግጣችሁ፤ በአግባቡ ሳይዘጋ ጠፋ ማለት ብቻ ነው። ምክንያቱን አይናገርም፤ ራሳችሁ ማብሪያውን ተጭናችሁ ስታጠፉትም ይመዘገባል። እኔን ያነቃኝ ቁጥር 7 ነው፤ ምንጩ «ዲስክ» ተብሎ የተጻፈ። ዲስኩ ላይ የማይነበብ የተበላሸ ቦታ አለ ማለት ነው። ሰዓቱን ከደብተሩ ጋር ሳመሳክረው ገጠመ። ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም አውርጄ ባየው ደግሞ ቢጫ ሆኖ «ጥንቃቄ» አለኝ። ለመነበብ እምቢ ያሉ ሴክተሮች (የዲስኩ ትንንሽ ክፍልፋዮች) ተደርድረዋል። ከሳምንት በኋላ ሳየው ቁጥሩ ጨምሯል።

ፎርማቱ ለምን ሁለት ሳምንት እንደሚሠራ የገባኝ ያኔ ነው። ፈጣን ፎርማት የፋይሎቹን ማውጫ ያጠራል እንጂ ዲስኩን አይፈትሽም፣ አይጠግንም። ዊንዶውስ እንደገና ሲጫን ጤነኛው ቦታ ላይ ይሰፍራል። ለጊዜው ደህና ይመስላል። ፋይል ሲጨምር ወደ ተበላሸው ቦታ ይደርሳል። ዲስኩ ያንን ቦታ ለማንበብ ደጋግሞ ይሞክራል፤ እስኪሳካለት ወይም ተስፋ እስኪቆርጥ ሁሉም ፕሮግራም ቆሞ ይጠብቀዋል። መብራቷ በርታ የምትቀረው ለዚህ ነው። ጥገና ቤቶቹ ዋሹኝ አልልም። ያዩት ነገር ግን አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ቢጫ ካያችሁ ከምንም በፊት ፋይላችሁን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ። ምርመራውም ጥገናውም ከዚያ በኋላ ይደረሳል። እኔ የልጆቼን የልጅነት ፎቶ በሙሉ አንድ ሌሊት ቁጭ ብዬ ገለበጥኩ። ሁለት ፎልደር አልተነበበም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከፋሲካ በኋላ ዲስኩን አውጥቼ ባለ 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ አስገባሁ። የሚሽከረከር ነገር የለውም። አሮጌው በደቂቃ 7200 ጊዜ እየዞረ ማንበቢያው ጭንቅላት ከቦታ ቦታ መሮጥ ነበረበት። ልዩነቱ አይነገርም። ለመነሳት ከሁለት ደቂቃ በላይ ይፈጅ የነበረው ሃያ ሰከንድ አካባቢ ሆነ። በዚህ ዓመት ለዚህ ማሽን ካወጣሁት ብር ሁሉ የዚህን ያህል ያስደሰተኝ የለም። የመጀመሪያው ዓይነት መቆምም በዚያው ቀረ።

ሁለተኛው ግን አልቀረም።

ደብተሩ ላይ አብዛኛው ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት የተመዘገበ ነው። ወሩ ሚያዝያ ነው፤ ባሕር ዳር በሚያዝያ ከሰዓት ምን እንደምትመስል የኖረበት ያውቃል። ሙቀት ነው ብዬ ደመደምኩ። ኬዙን ስከፍተው ለመደምደም የሚበቃ ነገር አገኘሁ። ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው የሂት ሲንክ፣ ማለትም ሙቀቱን የሚያስወጣው ብረት፣ ክንፍ በአቧራ ጥጥ መስሏል። በመካከሉ የደረቀ ትንኝ። ማታ ከሐይቁ በኩል መጥቶ አምፖል የሚከበው ትንኝ ነው፤ ፋኑ ስቦ አስገብቶታል። ደግሞ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከቆላ የወደብ ከተሞች አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። በብሩሽ ጠረግኩት። ከፕሮሰሰሩ ወደ ሂት ሲንኩ ሙቀት የሚያስተላልፈውን፣ እንደ ኖራ የደረቀውን ተርማል ፔስት አጽድቼ አዲስ ቀባሁ። ሥራ ሲበዛበት 90 ዲግሪ ያልፍ የነበረው ፕሮሰሰር ከ70 በታች ወረደ።

በሦስተኛው ቀን ደረቀ።

ሙቀት ፕሮሰሰርን መጀመሪያ የሚያደርገው ማዝገም ነው። ከልክ ሲያልፍ ማሽኑ ራሱን ያጠፋል። እንዲህ ባለበት ተገትሮ መቅረት የሙቀት የተለመደ ጠባይ አይደለም። ታዲያ ከሰዓቱ ለምን? ደብተሩን እንደገና ሳነብ «ምን ተከፍቶ ነበር» የሚለው ዓምድ መለሰልኝ። ከ8 ሰዓት በኋላ ልጄ ከትምህርት ቤት ትመለሳለች። ክሮም ላይ ሃያ ታብ ይከፈታል፣ ቪዲዮ ይጫወታል፣ ዎርድም ይከፈታል። ጠዋት እኔ የምከፍተው አንድ ዎርድ ብቻ ነው። ራም ትልቅ መጋዘን ነው በሉ። ጥግ ላይ አንድ መደርደሪያ ተሰብሯል። ዕቃው እስከዚያ ካልደረሰ ማንም አያውቅም። ልጄ ስትከፍት ይደርስ ነበር።

ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን የራም መፈተሻ ሞከርኩ፤ ምንም አላገኘም አለኝ። እሱ ላይ ብቻ አትተማመኑ። ሜምቴስት86 የሚባለውን የራም መፈተሻ ፍላሽ ላይ ጭኜ እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለቀቅኩት። ሁለቱም የሚሠሩት ዊንዶውስ ሳይነሳ በፊት ነው፤ ይሄኛው ግን ራሙን በብዙ ዓይነት ፈተና ደጋግሞ ይፈትሸዋል። ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ስክሪኑ ላይ ቀይ መስመሮች መደርደር ጀመሩ። ከዚያ አንዱን ራም አውጥቼ ሌላውን ብቻውን ፈተሽኩ፤ ንጹሕ። ያወጣሁትን በዚያው ቦታ ሰካሁ፤ ቀይ። ወደ ሌላኛው የራም መሰኪያ (ስሎት) ቀየርኩት፤ አሁንም ቀይ። ይህ ስሎቱን መቀያየር አይቅርባችሁ፤ ጥፋቱ የራሙ ይሁን የማዘርቦርዱ የሚለየው በእሱ ነው።

ጎረቤታችን «በላጲስ ጥረገው» አለኝ። ብዙ ሰው የሚያውቀው ዘዴ ነው። ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቀልኩ። ለስታቲክ ብዬ የኬዙን ብረት ነካሁ። ራሙን ጠርዙን ይዤ የወርቅ ቀለም ያላቸውን ጥርሶች በነጭ ላጲስ ቀስ ብዬ በአንድ አቅጣጫ ጠረግኳቸው። ላጲሱ ጠቆረ። ጥርሶቹ አበሩ። ፍርፋሪውን በብሩሽ አራግፌ መለስኩት። ዘጠኝ ቀን ሠራ፤ በአሥረኛው ደረቀ። የችግሩ ምንጭ የቆሸሸ ጥርስ ከሆነ ላጲስ ይፈታዋል። ቺፑ ራሱ ከሞተ ግን አያስነሳውም።

ሰኔ 21 ቀን፣ ቅዳሜ፣ አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ዲዲአር4 ራም ገዝቼ ከጤነኛው ባለ 4 ጋር አስገባሁት። ላዩ ላይ የተጻፈው ፍጥነት 2400 ነው፤ ይህ ፕሮሰሰር የሚደግፈው እስከ 2133 ስለሆነ ወደዚያ ወርዶ ይሠራል፣ ምንም ችግር የለውም። ሜምቴስቱን እንደገና ለቀቅኩት፤ አንድም ቀይ አልወጣም። ደብተሩ ላይ የመጨረሻው ምዝገባ የሰኔ 20 ነው።

ሌላው የገዛሁት ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ነው። መብራት ሲሄድ ሲመጣ አሮጌው ዲስክ ምን ያህል እንደተንገላታ መገመት አያቅትም። ስታቢላይዘር ነበረኝ፤ እሱ ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲሄድ ማሽኑን አያቆይም። ዩፒኤሱ ፋይል አስቀምጦ በሰላም ለመዝጋት የሚበቃ ጊዜ ይሰጣል። ፕሪንተር ግን አትሰኩበት። የሌዘር ፕሪንተር በአንዴ የሚስበውን ኃይል አይችለውም።

ታዲያ ዕቃው እንዴት ነው? ለቤት ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ዎርድ፣ ኤክሴል፣ ቪዲዮ፣ ሃያ ታብ፣ ሁሉንም ይሸከማል። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ሌሊት ስሠራ ልጆቹን አይቀሰቅስም። ክረምቱን ሙሉ፣ ግድግዳው እርጥበት ሲያወጣ እንኳ፣ አልተቸገረም። ለቪዲዮ ኤዲቲንግ ወይም ለከባድ ጌም የምትፈልጉ ከሆነ ግን አይሆናችሁም። በየሦስት ወሩ ከፍቼ አቧራውን እጠርጋለሁ። ትንኙ አሁንም ይገባል።

አንድ እውነተኛ ጉድለት አለው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። የእኔ ስድስተኛ ነው። በጓሮ በር የሚጭኑ አሉ፤ እኔ ግን በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነፃ ሥርዓት አስገባሁበት። ልጄ በሁለት ቀን ለመደችው። እኔ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፤ የዎርድ ሠንጠረዦቼ እዚያ የዎርድን ቦታ በያዘው በሊብሬኦፊስ ሲከፈቱ እየተዛነፉ አንድ በአንድ አስተካክያቸዋለሁ። ዛሬ ልግዛ ብል ግን ትንሽ ጨምሬ ስምንተኛ ትውልድ እወስድ ነበር።

ልትገዙ የምትሄዱ፣ ሁለት ፍላሽ ያዙ። አንዱ ላይ ሜምቴስት86፣ ሌላው ላይ ክሪስታልዲስክኢንፎ። የዲስኩን ጤና ለማየት አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ሰማያዊ ካልሆነ ዲስኩ ይቀየርልኝ በሉ። ራሙ ጊዜ ይፈልጋል። ሻጩን «ወንድሜ፣ ይሄ ይሂድ፤ ምሳ በልቼ እመለሳለሁ» በሉት። እሺ ካለ ተመልሳችሁ ስክሪኑን እዩት። እምቢ ካለ ቀጣዩ ሱቅ ሂዱ።