የጠፋብንን የሽያጭ ዝርዝር ከፒቮት ቴብል መልሳ ላወጣችልን እህታችን የቀረበ ምስጋና

መገናኛ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል የኮምፒውተር ሥራ ለምትሠራው እህታችን፣ በሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራችን የሂሳብ ክፍል ስም ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የዓመቱ ሽያጭ በዝርዝር የተመዘገበበት ኮምፒውተር ሃርድ ዲስኩ ተበላሽቶ፣ በጀት ዓመቱም ሰኔ 30 ተዘግቶ ኦዲተሮች ሊመጡ ሲሉ፣ በእጃችን የቀረው ቀደም ሲል ለቦርዱ በኢሜይል የተላከ አንድ የኤክሴል ፋይል ብቻ ነበር፤ እሱም ድምሩን በወርና በሱቅ ከፋፍሎ የሚያሳይ ፒቮት ቴብል እንጂ ዝርዝሩ አይታይበትም።

ወደ እሷ እስክንደርስ ብዙ ተንገላተናል። አንዱ ቤት ቀብድ ተቀብሎ ሃርድ ዲስኩን ለሳምንታት ካቆየ በኋላ «አልሆነም» ብሎ መለሰልን፤ ቀብዱ ግን በዚያው ቀረ። ሌላው ፋይሉን እንኳ ሳይከፍት፣ ደረሰኞቹን ሰብስበን እንደ አዲስ እንድንጽፍ ነግሮ አሰናበተን። የዘይትና የስኳር ደረሰኝ በጆንያ ታጭቆ የተከመረበትን መጋዘናችንን ያየ ሰው የዚህን ምክር ክብደት ያውቀዋል።

እህታችን በቅድሚያ የፋይሉን ቅጂ አስቀመጠች፤ ፒቮቱን ከዋናው ዝርዝር እንደገና የሚያድሰውን፣ ሪፍሬሽ የሚለውን ትእዛዝ ማንም እንዳይነካ አስጠነቀቀች፤ ፋይሉ ሴቭ ሲደረግ ዳታው አብሮ ካልተቀመጠ ልትረዳን እንደማትችልም ስለ ክፍያ ሳይነሳ በግልጽ ነገረችን። ከዚያም ፊልተሮቹን ሁሉ አንስታ በታችኛው የቀኝ ጥግ ያለውን ጠቅላላ ድምር ደብል ክሊክ ስታደርገው አዲስ ሺት ተከፈተ፤ በፒቮቱ ላይ ፈጽሞ የማይታዩት የደረሰኝ ቁጥርና የሻጭ ስም ሳይቀሩ ረድፍ በረድፍ ተደርድረው ወጡ። ገንዘብ ያዣችን እልል አለች። ፋይሉ የዝርዝሩን ቅጂ በውስጡ ይዞ እንደሚቆይ አስረድታኛለች፤ ከዚያ ያለፈው ማብራሪያ ግን ከእኔ አቅም በላይ ነበር። ፎርሙላዎቹ አልተመለሱም፤ ውጤታቸው ብቻ ነው የመጣው፤ ይህንንም አልደበቀችንም።

ከሁሉ በላይ የነካኝ ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነው። ሌላ ደንበኛ እየጠበቃት፣ ገንዘብ ያዣችንን ወንበሯ ላይ አስቀምጣ በሌላ ቅጂ ላይ ራሷ እንድትሠራው አደረገች፤ የአዲሱ ሺት ድምር ከፒቮቱ ጋር እኩል መሆኑን አብረው እስኪያረጋግጡም ከአጠገቧ አልተነሳችም። ያስከፈለችን ደግሞ ለቀብድ ከከሰርነው በእጅጉ ያነሰ ነው።

እንዲህ ያለ ችግር የገጠማችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ገንዘባችሁን ሳትበትኑ አስቀድማችሁ እሷን አማክሩ። ስልኳን በእሷ ፈቃድ በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን አትሠራም።